የአሸዋ ማጣሪያና የሁለት ከተሞች ዕጣ

ሐምቡርግና አልቶና በጀርመን አገር በኤልብ ወንዝ ዳር ጎን ለጎን የቆሙ፣ በአንዳንድ ሥፍራ ድንበራቸው አንድ መንገድ ብቻ የነበረ ከተሞች ነበሩ። ሐምቡርግ የመጠጥ ውሃዋን ትቀዳ የነበረው ከከተማው በላይ ሲሆን፣ አልቶና ግን ከታች፣ የሐምቡርግ ፍሳሽ ከወንዙ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1892 ዓ.ም. ኮሌራ በገባ ጊዜ ይበልጥ ሊፈራላት የሚገባት አልቶና ነበረች።

የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በሐምቡርግ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ8,000 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ የአልቶና ሟቾች ከሕዝቧ ብዛት ጋር ሲነጻጸሩ እንኳ እጅግ ጥቂት ነበሩ። ከበርሊን የተላከው ሮበርት ኮህ የድንበሩን መንገድ ግራና ቀኝ ሲመረምር አየሩም አፈሩም አንድ ነው፤ የተለየው የቧንቧው ውሃ ብቻ ነበር።

አልቶና ከ1859 ዓ.ም. ጀምሮ ውሃዋን በአሸዋ ታጣራ ነበር። መሣሪያው ቀላል ነው፤ ውሃው በአሸዋ ንብርብር ላይ ይተኛና ቀስ እያለ ወደ ታች ይሰርጋል። ይሁን እንጂ ዋናው ሠራተኛ አሸዋው አይደለም። ውሎ አድሮ በአሸዋው ገጽ ላይ ጥቃቅን ሕያዋን የሚራቡበት፣ እንደ አተላ የረጋ ስስ ሽፋን ይፈጠራል፤ የበሽታውን ተህዋስ በአብዛኛው የሚያስቀረው ይኸው ለዓይን የሚያስጠላ ሽፋን ነው።

ሐምቡርግ ይህን አታውቅም ነበር ማለት አይቻልም። የውሃ ሥራዋን የነደፈው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ሊንድሊ ማጣሪያ እንዲሠራ ቀደም ብሎ አሳስቦ ነበር። ጉዳዩ ግን ወጪውን ማን ይክፈል በሚል ክርክር ለዐሥርተ ዓመታት ተንከባለለ። በመጨረሻ የተፈቀደው ግንባታ ኮሌራው ሲደርስ ገና አላለቀም። ማጣሪያው ሥራ የጀመረው በ1893 ዓ.ም. ነው።