የልጆች ልብ ወለድ ሽልማትና አንባቢው ልጅ



ለልጆች የተጻፈ ልብ ወለድ ሲሸለም፣ መዛኙ ማን ነው? ይህን ጥያቄ ከእብናትና ከደብረ ታቦር አካባቢ የንባብ ታሪክ ተነሥቼ እመረምራለሁ።

በደቡብ ጎንደር ደጋ ንባብ እንግዳ ነገር አይደለም። ቤተልሔም በድጓ፣ ዙር አባ በዝማሬ መዋሥዕት፣ ደብረ ታቦር በአቋቋም የታወቁ ናቸው። ልጅ ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስን አንብቦ፣ ዳዊት ሲደግም አንባቢ ይባላል። ንባቡ ጮክ ተብሎ የሚሰማ፣ በመምህር የሚታረም ሲሆን ቋንቋውም በአብዛኛው ግእዝ ነው። ጨዋታና ሳቅ የሚገኘው ግን ማታ እሳት ዳር፣ በአማርኛ ተረትና እንቆቅልሽ ነበር። ስለዚህ ልጁ በቀን ዓይኑን፣ በማታ ጆሮውን ያሠለጥን ነበር ማለት ይቻላል።

እነዚህን ሁለት ዓለማት በመጽሐፍ ለማገናኘት ከሞከሩት አንዱ ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። በ1948 ዓ.ም. የወጣው «ተረት ተረት የመሠረት» ርእሱ ራሱ ተራኪና አድማጭ የሚቀባበሉትን መክፈቻ ያስታውሳል። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ «ሲሊ ማሞ» የተባለውን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2003ም በአዲስ አበባ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ሁለቱም ደራስያን የተነሡት ልጁ አስቀድሞ በጆሮው ከሚያውቀው ነው።

ሽልማቱ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። በካናዳዊው በጎ አድራጊ በቢል በርት ስም የተቋቋመው የበርት ሽልማት ከጋና፣ ከታንዛኒያና ከኬንያ ጋር ኢትዮጵያንም ያካተተ ሲሆን፣ በአገራችን ያስተባበረው ኮድ-ኢትዮጵያ ነበር። አሠራሩ ብልህ ነበር፤ ደራሲውን ሸልሞ ብቻ አያበቃም ነበር፣ የተሸለመውን መጽሐፍ ገዝቶ ለትምህርት ቤቶችና ለቤተ መጻሕፍት ያከፋፍል ነበር። ነገር ግን ልብ ወለዶቹ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ነበር። ለዚህም ምክንያት አለው፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ ተማሪው የሚያነበው ማራኪ ታሪክ ያስፈልገዋል። ሆኖም ሽልማት ደራሲን ወደሚሸልመው ቋንቋ ይስባል። የእብናት ልጅ የአገሩን ታሪክ በመዝገበ ቃላት እየታገዘ ሲያነብ፣ መጽሐፉ ደስታ መሆኑ ቀርቶ የቤት ሥራ እንዳይሆንበት እሰጋለሁ።

የሌላውን ዓለም ልምድ እንመልከት። በአሜሪካ ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጠውን የኒውበሪ ሽልማትና በብሪታንያ በ1936 የተመሠረተውን የካርኔጊ ሽልማት የሚዳኙት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ናቸው፤ ልጅ የትኛውን መጽሐፍ ደጋግሞ እንደሚዋስ በየቀኑ የሚያዩ ሰዎች። በካርኔጊ ደግሞ ተማሪዎች በየትምህርት ቤታቸው ተሰባስበው ዕጩ መጻሕፍቱን ከዳኞቹ ጎን ለጎን ያነባሉ፣ ይከራከራሉ።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትምህርት ይህ ነው፤ በእኛ ደጋ መጽሐፍ የሚፈተነው ጮክ ተብሎ ሲነበብ ነው። በአማርኛ ለሚጻፍ የልጆች ልብ ወለድ ሽልማት ቢቋቋም፣ ዕጩዎቹ በክፍል ውስጥ ለልጆች ይነበቡ፤ ዳኞቹም ከኋላ ተቀምጠው ልጆቹ የት እንደሳቁ፣ የት እንደተቁነጠነጡ ይመዝግቡ። የሥነ ጽሑፍና የትምህርት ክፍሎቻችን ይህን ለመጀመር የሚያስፈልጋቸው አንድ ክፍል፣ ጥቂት ረቂቆችና የሚያዳምጡ ልጆች ናቸው።