የበጉ ሒሳብ

ይኸውላችሁ፣ ሳሪስ አካባቢ አንድ ልጅ ነበረ፤ አሁንም አለ። ላቫጆ ቤት ተቀጥሮ ጎማ ከማጠብ ጀምሮ የፖሊሽ ማሽን እስከ መያዝ የደረሰ፣ እጁ የተመሰከረለት ልጅ ነው። የ2016 ፋሲካ ባለፈ ማግሥት፣ ግንቦት ላይ፣ እቁብ ደረሰውና የራሱን ቤት ከፈተ። ሁለት መኪና የሚያስጠልል ቆርቆሮ፣ አንድ ሮቶ፣ አንድ ኮምፕሬሰር፣ አንድ ቫኪዩም፣ ሁለት ሠራተኛ። በሩ ላይ «የመኪና ውበት» ብሎ አጻፈ። ውሃ ረጭተው በጨርቅ ጠርገው ከሚሸኙት ወገን አይደለሁም ማለቱ ነው፤ ወንበር ያጥባል፣ ኮርኒስ ያጸዳል፣ የደበዘዘ ቀለም ያበራል።

ዋጋውን ከየት አመጣው አትሉኝም? ከጎረቤት ነዋ! ከእሱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ሙሉ የውስጥ እጥበት በ2,500 ብር የሚሠራ ሰውዬ አለ። ልጃችን ታናሽ ወንድሙን ደንበኛ አስመስሎ ላከና አስጠየቀ፤ ወዲያው እሱም ሰሌዳው ላይ 2,500 ብሎ በዘይት ቀለም አስጻፈ። በዚህ ከተማ ዋጋ የሚወጣው እንዲህ ነው፤ ጸጉር ቤቱም ካፌውም ጎረቤቱን አይቶ ነው የሚጽፈው። ጎረቤትየው ማንን አይቶ እንደጻፈ ግን የሚጠይቅ የለም።

ግንቦት ደህና አለፈ። ሰኔ ሲጋመስ ሰማዩ ተከፈተ። በክረምት ተራ ላቫጆ ይሠራል፤ ጭቃ አለና። ፖሊሽ የሚያስደርግ ግን ማን አለ? ጠዋት ያበራኸውን መኪና ከሰዓት ጎርፍ ይረከብሃል። የተጠቡ ወንበሮችም ፀሐይ አጥተው ሦስት ቀን ይሰነብታሉ፤ ያልደረቀ ወንበር ደግሞ ይሸታል። ልጁ ሠራተኞቹን አስቀምጦ ደመወዝ መክፈል ጀመረ። በዚህ መሀል ሐምሌ 22 ቀን መጣች። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀውና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶውን ተሻገረ። ጭረት የሚያጠፋው ኮምፓውንዱም፣ ፖሊሹም፣ የማሽኑ ስፖንጅም፣ ለስላሳው ጨርቅም ሁሉም ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ነው። ልጁ ግን መደርደሪያው ላይ በድሮው ዋጋ የገዛው ስለነበረ «እኔን አይነካኝም» ብሎ በአሮጌው ዋጋ ሠራበት። ዕቃው አልቆ ሱቅ ሲሄድ፣ የሰበሰበው ገንዘብ ያንኑ ዕቃ መልሶ አልገዛለትም።

ቀጥሎ ጳጉሜን ገባች። ጳጉሜን ለነጋዴ የተባረከች ናት፤ ኪራይ የማይከፈልባት አምስት ቀን! አዲስ ዓመት በቆሻሻ መኪና መቀበል የሚፈልግ የለምና መኪናው ተሰለፈ። ልጁና ሠራተኞቹ እስከ እኩለ ሌሊት አጠቡ፤ ተጨማሪ ሰው በቀን ሒሳብ ተቀጠረ፤ ውሃ ጠፍቶ ቦቴ ተጠራ። የበዓሉ ዋዜማ ማታ ገንዘቡን ቆጥሮ የሠራተኛ፣ የውሃና የዕቃ ዕዳውን ሲከፍል፣ ለራሱ ዶሮ መግዣ አጣ። ያን ሁሉ መኪና አጥቦ!

እህቱ ባንክ ቤት ነው የምትሠራው። በዓሉ ካለፈ በኋላ ቡና እየተፈላ ደብተር አምጣ አለችው። ደብተር የለም። እንግዲያው ተናገር አለችው። ኪራይ 30,000፣ የሁለቱ ሠራተኞች ደመወዝ 20,000፣ ውሃና መብራት 5,000፣ ለሚያረጀው ማሽን በወር መቀመጥ ያለበት 5,000። ስድሳ ሺህ ሆነ።

«ልጆቹ በቀን ስንት ሰዓት ይሠራሉ?»

«ስምንት ስምንት ሰዓት።»

«መኪና ላይ እጃቸው ያለበትን ነው የጠየቅኩህ።»

ዝም አለ። ደንበኛ መጠበቅ አለ፣ ምሳ አለ፣ መብራት መጥፋት አለ። ቆጥረው ቆጥረው ሁለቱ ተደምረው በቀን አሥር ሰዓት ቢሆን ነው፤ በወር 25 የሥራ ቀን 250 ሰዓት። ስድሳ ሺህን ለ250 ስታካፍለው አንድ የእጅ ሰዓት 240 ብር ወጣ። አንድ ሙሉ የውስጥ እጥበት ሁለት ሰው አምስት አምስት ሰዓት ይወስዳል፤ አሥር ሰዓት ማለት 2,400 ነው። የሳሙናና የማሳመሪያው 400 ሲጨመር 2,800። ልጃችን በ2,500 እያጠበ ነበር፤ በየመኪናው 300 ብር ከኪሱ እየመረቀ።

«አንተስ ምን ትበላለህ?» አለችው። ለእሱ 20,000 ብር ሲታሰብ ሰዓቱ 320፣ እጥበቱ 3,600 ሆነ። አበቃ ብሎ ሊነሳ ሲል «ቁጭ በል፣ ክረምቱ አልተከፈለም» አለችው። ይቺን ነው የወደድኩላት! ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ሥራው በግማሽ ይወርዳል፤ ኪራዩ ግን አይወርድም። የዓመቱን ወጪ ለዓመቱ እውነተኛ ሰዓት ስታካፍለው እጥበቱ 4,100 ብር ግድም መጣ። የጥር ሙሽራ መኪና የሐምሌን ኪራይ መክፈል አለበት ማለት ነው።

«ጎረቤቴ እንዴት ነው ታዲያ በ2,500 የሚኖረው?» ቢላት፣ «ግቢው የአባቱ ነው፤ ኪራይ የለበትም፤ የሚያጥቡለትም ወንድሞቹ ናቸው» አለችው። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን እሱ አላሰበውም ነበር።

አሁን ወደ በጉ ልምጣ። ዋጋው ከተስተካከለ በኋላ በመጣው የገና በዓል ማግሥት አንድ ጋሼ ደወሉ። መኪናዋ ቪትዝ ናት፤ ለትንሽ መኪና ስንት ነው አሉት። 4,100 አላቸው። መጡ። ልጁ የኋላውን በር ከፈተና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። በግ ተጭኖበታል፤ ያውም ከሱሉልታ ድረስ። በጉ በመንገድ ላይ የሚያደርገውን ሁሉ አድርጓል፤ ሽንቱ ምንጣፉን አልፎ ከሥሩ ያለው ወፍራም ንጣፍ ውስጥ ሰርጓል፤ በፀሐይ ሁለት ቀን ተቀቅሏል። ይህን ላይ ላዩን በሻምፖ ብታሸው ለአንድ ቀን ሽቶው ይሸታል፣ በሦስተኛው ቀን በጉ ይመለሳል። ወንበር መፈታት አለበት፣ ምንጣፍ መነሳት አለበት፣ ከሥሩ ያለው ንጣፍ ወጥቶ ታጥቦ እስኪደርቅ መኪናዋ ማደር አለባት።

«ጋሼ፣ ይኼ 7,000 ነው።»

«በስልክ ስንት ነበር ያልከኝ?»

«በስልክ የነገሩኝ መኪናዋን ነው፤ በጉን አልነገሩኝም።»

ሰውየው ሳቁ፤ ከፈሉም። ከዚያ ወዲህ ልጁ በስልክ ቁርጥ ያለ ዋጋ አይናገርም። «ከ4,100 ይጀምራል፤ አይቼ እነግርዎታለሁ» ነው መልሱ። ሲያይም የሚያየው ትልቅ ትንሽነቷን አይደለም። የሕፃን ወተት የፈሰሰበት ወንበር፣ ስፌቱ ውስጥ የጫት ገረባ የገባበት ሚኒባስ፣ ሲጋራ የጠጣ ኮርኒስ፤ ዋጋው እዚያ ነው ያለው። የኤሌክትሪክ መኪና ይዘው «ሞተር የላትም፣ ቀንስልኝ» የሚሉም አሉ። ወንበሯ ግን ያው ወንበር ነው።

ቅናሽ ሲጠየቅ ዋጋ አይሰብርም፤ ሥራ ይቀንሳል። «በ3,000 እንጨርስ» ካሉት፣ «እሺ፣ ኮርኒሱና የበሮቹ ጨርቅ ይቅር» ይላል። አብዛኛው ሰው ከቅናሹ ይልቅ ኮርኒሱን ይመርጣል። የመሥሪያ ቤት ፕሮፎርማ ሲመጣ ግን ይጠነቀቃል፤ 15 በመቶው ቫትና ገንዘቡ የሚዘገይበት ወር አብሮ ካልታሰበ፣ አሥር መኪና ያስገኘ ፕሮፎርማ አሥር መኪና ዱቤ ነው።

እኔን ያስደነቀኝ ግን የፖሊሹ ነገር ነው። አንድ ደንበኛ በስድስት ወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ «በማሽን አብራልኝ» ብሎ መጣ። በቀለሙ ላይ ያለው መስታወት መሳይ ሽፋን ከጸጉር ክር የሚቀጥን ነው፤ ኮምፓውንድ ጭረቱን የሚያጠፋው ሽፋኑን በጥቂቱ እየላጠ ነው። ደጋግመህ ከላጥከው ቀለሙ ራሱ ይራቆታል፤ ያኔ የሚቀረው ቀለም ቤት ነው። ልጁ ብዙ ሺህ ብር የሚያስገኘውን ሥራ እምቢ ብሎ፣ በአንድ ሰዓት ሰም ቀብቶ 1,200 ብር ተቀበለ። ሠራተኞቹ አበደ አሉ። እኔ በበኩሌ ይኼም ዋጋ ማውጣት ነው ባይ ነኝ፤ ሰውየው ከዚያ በኋላ የሦስት ጓደኞቹን መኪና አስከትሎ መጥቷል።

የቀረው ዘመድ ነበር። የእናቱ ወንድም በየሁለት ሳምንቱ ኮሮላቸውን ያመጡና «ቀብረር አድርጋት» ብለው ቁልፉን ጥለው ይሄዱ ነበር፤ ሲመለሱ ለሠራተኞቹ ሃምሳ ብር። በእህቱ ምክር አንድ ደንብ ወጣ፤ ዘመድ የዕቃውን ብቻ ይከፍላል፣ የሚመጣው ግን ሥራ በሌለበት ማክሰኞ ነው።

«ማክሰኞ አይመቸኝም» አሉ አጎት።

«እንግዲያው ቅዳሜ፣ በሙሉ ዋጋ።»

ተቆጡ፤ ለእናቱም ከሰሱት። ቅዳሜ ጠዋት መጡ፤ 4,100 ብሩን ቆጥረው ሰጡት፤ ደረሰኝም ጠየቁ።