ስለ ግንብ ታሪክና ስለ ጥቅሙ

ግንብ ማለት በድንጋይ ጸንቶ የተሠራ ቤት ወይም አጥር ነው። በግእዝ መጻሕፍት ማኅፈድ የሚባለው ከፍ ብሎ የሚታየው የመጠበቂያ ግንብ ነው፤ ቅጽር የሚባለው ዙሪያውን የሚከበው አጥር ነው፤ ጽርሕ የሚባለውም አዳራሹ ነው። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ስፍራ በተገናኙ ጊዜ የቤቱ ጌታ ንጉሥም ጦረኛም እንደ ነበረ ይታወቃል። ስለዚህ ግንብን የሚመረምር ሰው «ማን ሠራው» ብሎ ብቻ መጠየቅ አይበቃውም፤ «ከማን ሊጠብቅ፥ ማንንስ ሊሰበስብ ተሠራ» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። ድንጋዩ ሰም ነውና፤ ወርቁ ግን የተሠራበት ምክንያት ነው።

የኢትዮጵያ ነገሥታት ግንብ መሥራት የጀመሩት በጎንደር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን በ6ኛው መቶ ዓመት ወደ አክሱም የመጣው ኮስማስ የተባለው የግሪክ ነጋዴ የንጉሡ ቤት አራት ማኅፈድ እንደ ነበረው ጽፏል። በአክሱም ዱንጉር በተባለው ስፍራ የሚታየው ፍራሽም የዚያ ዘመን ሰዎች በተጠረበ ድንጋይ ትልቅ ቤት መሥራትን እንዴት አድርገው እንዳወቁት ይመሰክራል።

ከብዙ ዘመን በኋላ ግን ነገሥታቱ በአንድ ስፍራ መቀመጥን ትተው በድንኳን ይዘዋወሩ ጀመር። ዛሬ ከተማ የሚባለው ቃል እንኳ በዚያ ዘመን የንጉሡ ሠራዊት የሰፈረበት ስፍራ ስም ነበረ። በዚህም ወራት የግንብን ሥራ የሚሠራው አምባ ነበረ። የግሸን አምባ የነገሥታቱን ልጆች ይጠብቅ ነበር፤ ደብረ ዳሞ በገመድ ካልተሳቡ የማይወጣ ስለ ሆነ መነኮሳቱንና መጻሕፍቱን ሰወረ፤ መቅደላም በ1860 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ መሸሸጊያ ሆነ። እግዚአብሔር በፈጠረው ገደል የተጠበቀ ሰው ቅጽር ለመሥራት አይቸኩልም።

በአውሮፓ ግን ነገሩ ሌላ ነበረ። በዚያ እያንዳንዱ ባላባት በርስቱ ላይ ግንብ ይሠራ ነበር፤ ግንቡም ጠላት ሲመጣ ለገበሬው መጠጊያ፥ በሰላም ጊዜ ደግሞ ግብር የሚሰበሰብበትና ፍርድ የሚፈረድበት ስፍራ ነበረ። ዊልያም የኖርማንዲ መስፍን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1066 እንግሊዝን ከያዘ በኋላ በለንደን ያሠራው ትልቅ ግንብ ግን ሕዝቡን ለመጠበቅ ሳይሆን የተሸነፈውን ሕዝብ ለማስፈራት ነው። ኋላም መድፍ በበረታ ጊዜ የግንብ ኀይል ደከመ። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የቆመው የቁስጥንጥንያ ቅጽር በ1453 በቱርክ መድፍ ተሰብሮ ከተማዪቱ ተያዘች። ከዚያ ወዲህ ግንብ ከጦር መሣሪያነቱ ይልቅ የክብር ምልክትነቱ እየበለጠ ሄደ።

በኢትዮጵያ ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት በእንፍራዝ አጠገብ የጉዛራን ግንብ አሠሩ፤ ዐፄ ፋሲልም በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቆረቆሩ። የግንባቸው አራት ማዕዘኖች ክብ በሆነ ማኅፈድ የተያዙ ናቸው። ከእርሳቸውም በኋላ ዐፄ ዮሐንስ ጻድቁ፥ ዐፄ ኢያሱ፥ ዐፄ በካፋ በዚያው ቅጽር ውስጥ የየራሳቸውን ቤት ጨመሩ፤ እቴጌ ምንትዋብም ከከተማው ወጣ ብለው የቍስቋምን ደብርና አዳራሽ አሠሩ። የቅጽሩ ዙሪያ 900 ሜትር ያህል ነው። የጎንደር ግንብ ትልቁ ጥቅሙ ጠላትን መመለሱ አይደለም፤ ተቅበዝባዡን ቤተ መንግሥት በአንድ ስፍራ ማስቀመጡ ነው። ንጉሡ በተቀመጠ ጊዜ ነጋዴው ተቀመጠ፤ አንጥረኛውና ጸሓፊው ተቀመጡ፤ መምህራንም ጉባኤ ዘረጉ። የአቋቋምና የመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርት በጎንደር አድባራት የጸናው ስለዚህ ነው።

ወደ መቀሌ ስንመለስ፥ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ጽዮን ነገሡ። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ የግብፅን ጦር ድል ያደረጉት በሜዳ ነው እንጂ በግንብ ተከልለው አይደለም። የመቀሌን ቤተ መንግሥት ያሠሩት ከድሉ በኋላ፥ ከ1874 እስከ 1876 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው፤ ሥራውንም የመራው ጃኮሞ ናሬቲ የተባለው የጣልያን አናጢ ነው። ስለዚህ ይህ ግንብ ከፍርሃት የተነሣ የተሠራ አይደለም። መቀሌ ከአፋር ቆላ በግመል የሚመጣው የአሞሌ ጨው የሚያልፍባት፥ ወደ ደቡብም ወደ ባሕርም የሚወስደው መንገድ የሚገናኝባት ስፍራ ናት። ቤተ መንግሥቱ በቆመ ጊዜ የእዳጋ ሰኑይ ገበያ ደራ፤ የመድኃኔ ዓለም፥ የተክለ ሃይማኖትና የኪዳነ ምሕረት አብያተ ክርስቲያናትም ከከተማዪቱ ጋር አብረው ከበሩ። ንጉሡ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ወድቀው ወደ አዳራሻቸው ሳይመለሱ ቀሩ፤ ግንቡ የሰበሰበው ሕዝብ ግን አልተበተነም።

በዚችው ከተማ ሌላ ዓይነት ግንብም ታየ። ጣልያኖች በ1888 ዓ.ም. መቀሌን ይዘው በእንዳ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ምሽግ ሠሩ። ቅዳሴ የሚቀደስበት ስፍራ የመድፍ ማቆሚያ ሆነ። የኅዳሩ የአምባ አላጌ ድል ከተፈጸመ በኋላ የኢትዮጵያ ሠራዊት መጥቶ ምሽጉን ከበበው። በውስጡ በሻለቃ ጋሊያኖ የሚታዘዙ ከ1000 በላይ ወታደሮች ነበሩ። ሠራዊቱ ፊት ለፊት በቅጽሩ ላይ በወጣ ጊዜ ብዙ ሰው አለቀ። ነገር ግን የምሽጉ ውኃ ከቅጽሩ ውጭ ነበረና፥ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምንጩ ተያዘ። ጥሩ አድርጎ የተገነባው ቅጽር ጥይትን ቢመልስም ጥማትን ሊመልስ አልቻለም። በጥር ወር ዐፄ ምኒልክ ጠላቶቹ መሣሪያቸውን ይዘው በደኅና እንዲወጡ ፈቀዱላቸው፤ ጋሊያኖም ከጥቂት ሳምንት በኋላ በዐድዋ ሞተ።

እነዚህን ሁለት ግንቦች አስተያይቶ መመልከት ይገባል። ሁለቱም ድንጋይ ናቸው፤ በአንዲት ከተማም የቆሙ ናቸው። የፊተኛው በሩን ለገበያና ለአቤቱታ የከፈተ ስለ ሆነ ከተማን ወለደ፤ የኋለኛው ግን በሩን በሕዝቡ ላይ የዘጋ ስለ ሆነ በሁለት ሳምንት ያህል ከበባ ተፈታ። ቅጽር ከሚኖርበት ምድር ሕዝብ ጋር ካልተስማማ ውኃውን እንኳ ከራሱ ጋር አያገኝም። በእንዳ ኢየሱስ ዛሬ መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል፤ መድፍ በተተከለበት ምድር መጽሐፍ ይነበባል። የዐፄ ዮሐንስም ቤተ መንግሥት ኋላ ቤተ መዘክር ሆነ፤ ደጃዝማች አብርሃ አርአያ በመቀሌ ያሠሩት ግንብም ሆቴል ሆኖ የእንግዳ ማረፊያ ሆነ።

ሓወልቲ በትግርኛ ሐውልት ማለት ነው። ሐውልትና ግንብ በሥራቸው ይለያያሉ፤ ግንብ ሕያዋንን ይጠብቃል፥ ሐውልት ሙታንን ያሳስባል። ነገር ግን ጌታው የሄደበት ግንብ ሁሉ በመጨረሻ ሐውልት ይሆናል። ያን ጊዜም ጠባቂ የነበረው ጠባቂ ይፈልጋል። የጎንደርን ግንቦች በ1696 ዓ.ም. የሆነው የምድር መናወጥ ጎዳቸው፤ በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ አይሮፕላን ቦምብ ጎዳቸው። በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፈዋል፤ መዝገብ ግን ዝናብን አይከለክልም። ግንብን ዘወትር የሚያፈርሰው ጦር ብቻ አይደለም፤ በተሰነጠቀ ጣራ የሚገባ ጠብታ፥ በግድግዳው ላይ የሚበቅል የሾላ ሥር፥ ለአጥሩ የተጠረበ ድንጋይ ተሸክሞ የሚሄድ ጎረቤት ነው። አንድ ድንጋይ የወሰደ ሰው ምንም ያልወሰደ ይመስለዋል፤ ከልጅ ልጁ ግን ምስክር ወስዶበታል።

ኢዮቤልዩ በኦሪት ሥርዓት በ50ኛው ዓመት ርስት ወደ ባለቤቱ የሚመለስበት ዘመን ነው። የነገሥታቱ ግንቦችም እንዲሁ በዘመናቸው ወደ ባለቤታቸው፥ ማለት ድንጋዩን ወደ ጠረበውና ወደ ተሸከመው ሕዝብ ተመልሰዋል። እንግዲህ የተመለሰ ርስት የሚታረስና የሚጠበቅ ነው። ካህናት የደብሩን መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ቈጥረው በመዝገብ ቢያኖሩ፥ ሽማግሌዎች ስለ ቦታው የሰሙትን ሳያልፉ ቢያስጽፉ፥ ወጣቶችም ክረምት ሳይገባ የጣራውን ስንጥቅ ቢደፍኑ፥ ይህ በዓል ከበሮው ዝም ካለ በኋላም ይኖራል። ንጉሥ ያሠራውን ግንብ ሊያጸና የሚችል፥ ዘወትር የሚጠብቀው ሕዝብ ነው።