ሮዝ እጆች፣ ነጭ ዱቄት

በ1914 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሃሪ ስዊፍት የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም ኦክላንድ በተካሄደ የሕክምና ጉባኤ ላይ አንድ እንግዳ የሕፃናት በሽታ ገለጸ። እጅና እግራቸው አብጦ ሮዝ ይሆናል፤ ሲነኩት ግን ቀዝቃዛ ነው። መዳፋቸው ይላጣል፤ ላብ ያጠምቃቸዋል፤ ብርሃን ስለሚያስጨንቃቸው ፊታቸውን ትራስ ውስጥ ይቀብራሉ። ፀጉራቸውን የሚነጩ፣ ጥርሳቸው የሚወልቅባቸውም ነበሩ።

ሐኪሞቹ ቫይረስና የቫይታሚን እጥረት ሲያስሱ ጥፋተኛው እቤት ውስጥ ተቀምጦ ነበር፦ ጥርስ ለሚያበቅል ሕፃን የሚሰጥ ዱቄት። ካሎሜል የተባለ የሜርኩሪ ውህድ ነበረበት። ሕፃኑ ሲነጫነጭ ዱቄቱ ይሰጠዋል፤ ዱቄቱ ደግሞ ይብስ ያነጫንጨዋል። ትኩሳቱንም ተቅማጡንም በጥርስ ማሳበብ እኛም ቤት ያለ ነውና እናቶቹን ለመውቀስ አልደፍርም።

በ1945 ሲንሲናቲ ውስጥ ጆሴፍ ዋርካኒና ዶናልድ ሃባርድ የአንድ ታማሚ ሕፃን ሽንት አስመረመሩ፤ ሜርኩሪ ተገኘበት። ግኝታቸውን በ1948 ላንሴት ላይ ሲያወጡት ብዙዎች አልተቀበሏቸውም፤ ዱቄቱን የወሰዱት አብዛኞቹ ሕፃናት ምንም አልሆኑማ! መድኃኒቱን ያን ያህል ዘመን ከጥርጣሬ ያዳነው ይኸው ይመስለኛል። ከብዙ መቶ ሕፃናት አንዱን የሚመታ ጉዳት የልጁ ዕድል እንጂ የዱቄቱ ጥፋት አይመስልም። በ1954 የብሪታንያ አምራቾች ሜርኩሪውን ካወጡ በኋላ በሽታው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሆስፒታሎች ጠፋ ማለት ይቻላል። ለታመሙት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለመርዝ ጋዝ ማርከሻነት የተሠራው ዳይመርካፕሮል ተሞክሯል፤ ዋናው ሕክምና ግን ዱቄቱን ማስቆም ነበር።

ቆዳን የሚያስልጠው መድኃኒት ግን ካሎሜል ብቻ አልነበረም። በ1956 ሐኪሙ አለን ላየል የፈላ ውኃ እንደፈሰሰበት ቆዳን የሚገሸልጥ ሕመም ገለጸ። ሰልፋና የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች በዋናነት ይጠረጠራሉ። ሕፃናት ላይ ግን መለየቱ ያስቸግራል፤ ሜሊሽና ግላስጎው በ1970 አዲስ በተወለዱ አይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያም ተመሳሳይ መላጥ ያመጣል። ልዩነቱ ጥልቀቱ ላይ ነው፦ ባክቴሪያው ከላይ ያለውን ስስ ሽፋን ብቻ ያላቅቃል፤ መድኃኒቱ ግን የላይኛውን የቆዳ ክፍል በሙሉ ይገድላል። ለመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ይሰጣል። ለሁለተኛው መድኃኒቱ ወዲያው ይቆማል፤ ከዚያ ሕፃኑ በእሳት እንደተቃጠለ ታማሚ ፈሳሽ፣ ሙቀት፣ የማይጣበቅ ፋሻና የዓይን ክትትል ያስፈልገዋል።

የሮዝ በሽታው ነገርም በዱቄቱ አላበቃም። በ1980 ቦነስ አይረስ ውስጥ እንደገና ታየ፤ ያኔ በአፍ የተሰጠ ነገር አልነበረም። የጨርቅ ዳይፐር የሚያጥብ ላውንደሪ ጨርቆቹን በሜርኩሪ ውህድ ያክም ነበርና መርዙ በሕፃናቱ ቆዳ በኩል ገባ።