ሁሉንም ደብዳቤ በአንድ ሰው እጅ አትላኩ

ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ወር ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ አገራችን ውስጥ ታግደው እንደነበር የረሳችሁ አይመስለኝም። ያኔ ከተማሪ እስከ ባለሱቅ ስንቱ ሰው ቪፒኤን እንደከፈተ ነበር የሚውለው። ብዙዎቻችሁ «መምህር፣ የትኛው ይሻላል?» ትሉኝ ነበር። ለዚህ ጥያቄ ታሪኩ ጥሩ መልስ አለው።

በፈረንጆቹ 1995 ፊንላንድ ውስጥ፣ የሄልሲንኪ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የሰዎች የይለፍ ቃል በድብቅ ሲለቀም ተደረሰበት። እዚያው ተመራማሪ የነበረው ታቱ ኡሎነን በዚህ ተነሥቶ ኤስኤስኤች የተባለውን ፕሮግራም ጻፈና በነፃ ለቀቀው። ሥራው በሁለት ኮምፒውተሮች መሀል የሚያልፈውን ሁሉ በምስጢር መቆለፍ ነው። ቆይቶም ሰዎች ብሮውዘራቸውን በዚሁ የተቆለፈ መስመር እያሳለፉ፣ ሩቅ ባለ ኮምፒውተር በኩል ድረ ገጽ መክፈት ቻሉ። ፕሮክሲ ማለት እኮ ይኸው ነው፤ በእናንተ ፈንታ ሄዶ የሚያመጣ መልእክተኛ።

በ1996 ደግሞ ኔትስኬፕ አንዲት ትንሽ ፋይል ይዞ መጣ። «ይህ አድራሻ በፕሮክሲ ይሂድ፣ ያኛው በቀጥታ» ብላ የምትለይ ናት። መሥሪያ ቤቶች የውስጥ ገጻቸውን በቀጥታ፣ የውጭውን በፕሮክሲ ለመክፈት ተጠቀሙባት።

እኛ በ2015 የዘነጋነው ይህችን መለየት ነው። የታገደው ጥቂት ነገር ሆኖ ሳለ፣ ያልታገደውም ሁሉ ባለቤቱ በማይታወቅ ነፃ ቪፒኤን ባሕር ማዶ ደርሶ ይመለስ ነበር። ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል፤ ይህ ግን ትንሹ ጉዳት ነው።

ድሮ ደብዳቤ በሰው እጅ ስንልክ ፖስታውን ብናሽገውም፣ ተሸካሚው ለማን እንደሚሄድ ያያል። ፕሮክሲም እንደዚያው ነው። ኤችቲቲፒኤስ ፖስታውን ያሽጋል፤ ወዴት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትሄዱ ግን መልእክተኛው ያውቃል። መንገድ ላይ ካደፈጠው ዓይን ያመለጣችሁት፣ በሌላ ሰው ዓይን ሥር በመግባት ነው።

ስለዚህ ቪፒኤናችሁ የትኛው አፕ በእሱ በኩል እንዲያልፍ የሚያስመርጥ ከሆነ፣ የሚያስፈልገውን ብቻ ምረጡ። የባንኩ አፕ በቀጥታ ይሂድ። ሥራችሁን ስትጨርሱም ዝጉት።

«የትኛው ይሻላል?» ከማለት በፊት «የማነው? ምን ያህሉንስ ላምነው?» ማለት ይቅደም።