ቲቢ ሳንባ ውስጥ ምን ይመስላል? ስስ ቁራጭ የደበቀው ቅርፅ

ዝንጅብል ከትፋችሁ ታውቃላችሁ? አንዱን ጣት ከጫፉ ጀምራችሁ በስሱ ስትቆርጡት የሚወጣው ክብ ክብ ቁራጭ ነው። ሙሉ ዝንጅብል አይቶ የማያውቅ ሰው ያንን ቁራጭ ብቻ ብታሳዩት "ይሄ ድቡልቡል ነገር ነው" ቢላችሁ አይፈረድበትም። ጣት ያለው፣ እዚህም እዚያም የተቀጣጠለ መሆኑን በምን ያውቃል?

በቲቢ የተጎዳ ሳንባ ላይም ለብዙ ዘመን የሆነው ይሄው ነው።

መጀመሪያ ስለ ቁስሉ። የቲቢ ባክቴሪያ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ነጭ የደም ሴሎች ይከቡትና ተደራርበው አጥር ይሠሩበታል። ይሄ አጥር ግራኑሎማ ይባላል። ብዙ ጊዜ መሃሉ ይሞትና ነጣ ያለ፣ ፍርፍር የሚል ነገር ይሆናል፤ ሐኪሞች ራሳቸው የሚመስሉት በአይብ ነው። ሮበርት ኮኽ የበሽታውን ባክቴሪያ ማግኘቱን በርሊን ላይ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 ነበር (የዓለም የቲቢ ቀን በዚህ ዕለት የሚከበረው ለዚህ ነው)። ከዚያ ወዲህ ስለ ግራኑሎማ የታወቀው አብዛኛው ነገር የመጣው ከስስ ቁራጭ ነው። ሳንባው በሰም ይደርቃል፣ ከፀጉር ከአስር እጥፍ በላይ ቀጥኖ ይቆረጣል፣ ቀለም ይነከርና መስታወት ላይ ይዘረጋል። ከላይ የሚያየው ሰው ክብ ነገር ያያል። መጽሐፍ ላይም ክብ ሆኖ ተሣለ።

እ.ኤ.አ. በ2021 ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን አካባቢ ያሉ የአፍሪካ ሄልዝ ሪሰርች ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ ሞከሩ። በቀዶ ጥገና የወጣ የቲቢ ሕሙማን ሳንባ ወስደው ሳይቆራርጡ በማይክሮ ሲቲ አነሡት። ማይክሮ ሲቲ ማለት ሆስፒታል የምናውቀው ሲቲ ስካን ታናሽ ወንድም ነው፤ በኤክስሬይ ዙሪያውን እያነሣ፣ ኮምፒውተሩ ምስሎቹን አገጣጥሞ ባለሦስት አውታር ቅርፅ ይሠራል፣ ፊልም ላይ ስሪዲ እንደምንለው። ልዩነቱ በጣም ትንንሹን ነገር ማየቱ ነው።

ያዩት ኳስ ብቻ አልነበረም። ድቡልቡል የሆኑም አሉ፣ ብዙዎቹ ግን ቅርንጫፍ ያላቸው፣ ትንንሾቹን የአየር ቧንቧዎች ተከትለው የሄዱ ናቸው። ቁራጭ ላይ ሁለት የተለያዩ ክብ ቁስሎች የሚመስሉት፣ ከታች የሚገናኙ የአንድ ቁስል ሁለት ጣቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ዝንጅብሉ ማለት ነው።

ይሄ የኤክስሬይ ነገር ቅርፁን ያሳያል እንጂ የትኛው ሴል የት እንደቆመ ለመለየት ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። እዚህ ጋ ነው ደስ የሚለው ክፍል። ዘይት የነካው ወረቀት አይታችኋል፤ ከጀርባው ያለው ጽሑፍ ይታያል። ወረቀቱ አልቀጠነም። ብርሃኑን እየሰበረ ይበትን የነበረውን በቃጫዎቹ መሃል ያለ ክፍተት ዘይቱ ስለሞላው ነው። ሳንባ ላይም እንደዚያው ይደረጋል። ስቡና ውሃው ወጥቶ በምትኩ ብርሃንን ልክ እንደ ሥጋው የሚሰብር ፈሳሽ ይገባል፣ ሥጋውም እንደ መስታወት ያሳልፋል። ጀርመናዊው ቨርነር ሽፓልተሆልትስ ይሄን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሠርቶታል፤ ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር ለየሴሉ ዓይነት የተለየ የሚያበራ ቀለም መስጠትና ከጎን እንደ ወረቀት የሳሳ ብርሃን እያስገቡ፣ አንድ አንድ ንጣፍ እያነሡ መሄድ መቻሉ ነው። ቢላ ሳይነካው ይቆረጣል ማለት ይቻላል።

በዚህ መንገድ ሲታይ ሳንባ ውስጥ ሌላም ነገር ጎልቶ ይወጣል። ጤነኛ አዋቂ ሰው ሳንባው ውስጥ እንደ አንገት እጢ ያለ የተደራጀ የነጭ ደም ሴሎች ሰፈር ብዙም የለውም። ኢንፌክሽን ሲመጣ ግን እዚያው አየር ቧንቧው ጥግ አዲስ ሰፈር ይበቅላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የአይጥ ጥናት እጢና ጣፊያ የሌላቸው አይጦች እንኳን በዚህ ሰፈር ብቻ ኢንፍሉዌንዛን መቋቋም እንደቻሉ አሳየ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ጭስ በጎዳው የሰው ሳንባ ላይ በሽታው በከፋ ቁጥር ሰፈሮቹ እየበዙ መሄዳቸውን አገኘ። ስለዚህ መብዛታቸው ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም። ምድጃ ሥር ሲጋግሩ የኖሩ እናቶቻችን ሲጋራ ሳይነኩ ይሄው የሳንባ ሕመም እንደሚይዛቸው የታወቀ ነው።

እሺ፣ ይሄ ሁሉ ጉንደ ወይን ላለ ሰው ምኑ ነው? ስሪዲ ማይክሮስኮፕ የምርምር ዕቃ ነው፤ ሐኪም የሚያዘው ምርመራ አይደለም። ግን ሁለት ነገር ያስረዳል።

አንዱ "አክታዬ ተመርምሮ ነጻ ተባልኩ" የሚለው ነው። ባክቴሪያው አክታ ላይ የሚገኘው ቁስሉ ወደ አየር ቧንቧ ሲከፈት ነው። አጥሩ ከተዘጋ ወይም የሚወጣው ትንሽ ከሆነ ማይክሮስኮፕ ሊያልፈው ይችላል። በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ባክቴሪያ ካልኖረ ተራው ማይክሮስኮፕ ለማየት ይቸገራል። ጂንኤክስፐርት የሚባለው ማሽን ግን 130 ገደማ ሲኖር ይለየዋል። ነጻ ተብላችሁ ሳሉ ካልተወ ተመለሱና ጠይቁ፤ ማፈር የለም።

ሁለተኛው መድኃኒቱ ነው። ስድስት ወር ነው፤ መጀመሪያ ሁለት ወር አራት ዓይነት፣ ከዚያ አራት ወር ሁለት ዓይነት። ብዙ ሰው በሁለተኛው ወር ሰውነቱ ሲመለስ፣ ሳሉ ሲጠፋ ያቆመዋል። አይቡ መሃል ግን የደም ሥር የለም። መድኃኒቱ ከዳር ወደ መሃል እየሰረገ ነው የሚገባው፣ መሃል ያለው ባክቴሪያም ተኝቶ ይቆያል። ተሽሎኝ ነበር ብሎ ያቆመ ሰው አጥሩ ውስጥ ያለውን አልጨረሰም።

የእኛ አገር ቲቢ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ከሚመዘገበው ሕመምተኛ ሲሶ ያህሉ ቲቢው ከሳንባ ውጭ ነው፣ በተለይ እጢ ላይ። አንገት ሥር የሚያብጠው፣ አባቶች ነቀርሳ የሚሉት። (ዛሬ ነቀርሳ ሲባል ካንሰር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ቃሉ ሁለቱንም ስለተሸከመ ታማሚ ያለ አግባብ ይደነግጣል።) ይሄ ከጥሬ ወተት ነው የሚመጣው የሚል ግምት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የኢትዮጵያ ጥናት ግን ከብት ላይ የሚገኘው ዓይነት ከጥቂት ሰዎች በስተቀር እንዳልተገኘ፣ የእጢውም ቲቢ ከሞላ ጎደል ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው እንደሆነ አሳይቷል። ወተት ማፍላቱ በሌላ ምክንያት ይቀጥል።

ሊኒየጅ 7 የተባለው ዝርያም በዋናነት የተገኘው ሰሜን ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 አማራ ክልል ላይ የወጣ ጥናት ይሄ ዝርያ የያዛቸው ሰዎች ወደ ሕክምና የመጡት ከሌሎቹ ዘግይተው መሆኑን አገኘ። እስከዚያ ድረስ ቤት ውስጥ አብረው የሚያድሩት ያንኑ አየር ይተነፍሳሉ።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ ማታ ማታ ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ወይም አንገት ላይ የማይጠፋ እብጠት ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት የሚሰጠው በነጻ ነው።