ያልተማረ ሕዝብ የሚከፍለው ዋጋ

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት፥ አለመማር በአገር ላይ ያደረሰውን ጉዳት ማስታወስ ተገቢ ሆኖ አገኘነው።

ማንበብ የማይችል ገበሬ ውል ሲዋዋል የሚያውቀው የተነገረውን እንጂ የተጻፈውን አይደለም፤ በአውራ ጣቱ ይፈርማል። አቤቱታ ቢኖረው ለጸሐፊ ይከፍላል። ከልጁ ደብዳቤ ቢመጣለት የቤቱን ምስጢር አስቀድሞ የሚያውቀው ጎረቤት ነው።

በአገር ላይ የሚደርሰው ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ከ1928 ዓ.ም. የጣልያን ወረራ በፊት ዘመናዊ ትምህርት የቀሰሙት ኢትዮጵያውያን በጣም ጥቂቶች ነበሩ። ከነዚሁም ብዙዎቹን ፋሺስቶች በ1929 ዓ.ም. ፈጇቸው። ስለዚህ ነጻነት በ1933 ዓ.ም. ሲመለስ መሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ፥ ትምህርት ቤቱ መምህር አጣ፤ መንግሥትም ከውጭ አገር ለመቅጠር ተገደደ። ሕዝቡ በሰፊው ተምሮ ቢሆን ኖሮ የሞቱትን የሚተካ ባልጠፋ ነበር።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀስ በቀስ በ15 ቋንቋዎች ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጠረ፤ ከዩኔስኮም ሽልማት አገኘ። ዳሩ ግን የሚያነበው ጽሑፍ ያላገኘው ብዙ ሰው የተማረውን መልሶ ረሳው።

እንግዲህ ፊደል ማስቆጠር መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች ወደየቤታችን ስንመለስ መጽሐፎቻችንን በሣጥን አንቈልፍባቸው፤ ለጎረቤቶቻችን እናውሳቸው።